የኬሳር ሒሳብ

አባቴ ሁብላል የሠርግ ሸህናይ ነፊ ነበር፤
ከሙሽራው ፈረስ ፊት ፊት ዜማ ሲያንቆረቁር
ሻጭ ከነሚዛኑ ከሱቅ ይወጣል፣
የካንፑር ጠባብ መንገድ በጆሮ ይሞላል።
ባፍንጫው እየሳበ ባፉ ሲለቀው፣
ዜማው የት ላይ እንደተነፈሰ ማን አወቀው?
"ይሄን ሁሉ አየር የት አገኘኸው?" ስለው ልጅ ሆኜ፣
ደረቱን መታ አድርጎ "ጎተራ አለኝ" አለኝ፤ ኖርኩ አምኜ።

ጎተራው ነቅዟል።
ካልጋው እስከ በሩ ስምንት ርምጃ ነው፤
አራተኛው ላይ ግድግዳ ይዞ፣ የሚጠብቀው ሰው
ያለ ይመስል ይቆማል፣ ትከሻው ወጥቶ ወርዶ።
ሐኪሟ የጻፈችው ስም ባፌ አልያዝ አለኝ ከብዶ፤
ዋጋውን ግን ይዣለሁ፦ የሰማያዊው ኢንሄለር፣
የአርባ ሮኬት ትርፍ፤ ከዚያ በታች የለም ድርድር።

አዎ፣ ርችት እሸጣለሁ። በዲዋሊ ሰሞን፣
በራፌ ላይ ሳንቃ ዘርግቼ፣ ሦስት ቀን፤
ቀዩን እንደ በርበሬ ዛላ አንጠልጥዬ፣
"ያልፈነዳ መልሱልኝ!" ብዬ፣ ምዬ።
ሕዝቡም ይገዛል። ጨለማን በብርሃን ያባርራል፤
እኔም አባቴን በጭስ እጦራለሁ። ይኸው፣ ተነግሯል።

ሌሊት ሲጋመስ ብርዱ ከላይ እንደ ክዳን ተደፋ፤
ጭሱም መውጫ ሲያጣ ወደ ቤት ተገፋ።
የመንገዱ መብራት የታመመ ዓይን መሰለ፣
ምላሴ ላይ ድኝ፣ ጥርሴ ላይ ብረት አለ።
የእናቴን አሮጌ ሳሪ አርጥቤ በር ሥር ወተፍኩት፤
ጭስ ግን ያልተጠራ ዘመድ ነው፤ ከምድጃው ዳር አገኘሁት።

ልጄ ቺንቱ መጣ፣ ጣቱ በባሩድ ጠቁሮ፦
"አያቴ፣ ና! ወርቃማው ሊተኮስ ነው ከዚያ ጓሮ!"
ሽማግሌው አልጨከነም፤ መስኮት ድረስ ሄደ፣
አጨበጨበ፤ ሳቀ፤ በሳቁ መሐል ትንፋሹ ተናደ።

ኢንሄለሩን ነቀነቅሁ፤ ባዶ። እንደገና። ባዶ።
በነጠላ ጫማ ሮጥኩ፣ መንገዱ ሁሉ በወረቀት ነድዶ።
መድኃኒት ሻጩ ዲንዳያል ሱቁን ቆልፏል፤
ጣራው ላይ ነው፣ የኔን ሮኬት ባንድ ባንድ ይለኩሳል።
"ዲንዳያል!" እላለሁ፤ ሰማዩ ይመልሳል፦ ጓ!
"ዲንዳያል!" እላለሁ፤ ጠርሙስ ውስጥ ሌላው ቆሟል። ጓ!

ከዚያ ዝም አልኩ። መቁጠር ጀመርኩ።
ሠላሳ ስድስት ነበር፣ ጠዋት እኔው በጄ ያስረከብኩ።
ሁለት ባዶ ካርቶን እግሬ ሥር ወድቋል፤
ሃያ አራቱ ሄዷል፤ አሥራ ሁለት ቀርቷል።
ሃያ አምስት፤ ቀይ። ሃያ ስድስት፤ አረንጓዴ።
ሃያ ሰባት... ውብ ነበር፣ ልዋሽ እንዴ?
ሠላሳ። ሠላሳ አንድ እየጮኸ ጠመመ፤
ከሠላሳ ሦስት በኋላ የኔም ደረት ታመመ።

ሠላሳ ስድስት። ጸጥታ። "ዲንዳያል!" አልኩኝ።
ወረደ፤ ዓይኑ ቀልቶ፣ እያሳለ ከፈተልኝ።
ጠዋት የሰጠኝን ሩፒ፣ ጥጉ የተቀደደውን፣
መልሼ ሰጠሁት። ሁለታችንም አየነው፤ ዝም አልን።

ሲነጋ ጠራጊዎች ቀዩን ወረቀት ሰበሰቡ፣
አፋቸውን በሻሽ ቋጥረው ጋሪ ላይ ካቡ።
አባቴ ሸህናዩን ከጨርቁ ፈታ፤
ሸምበቆውን በምላሱ አራሰ፣ ባፉ ያዘው ለአንድ አፍታ፤
ጣቶቹ ቀዳዳዎቹን አንድ ባንድ አገኙ፣ ደፈኑ፤
አልነፋም። "ነገ" አለ። የትኛው ነገ፣ እንጃ ቀኑ።
የትንፋሽ መሣሪያ ይባላል። መሣሪያው አለ።

ከሳንቃው ሥር አሥራ አንድ ሮኬት ተርፏል።
ጣልኩት ብል ደስ ይላችኋል።
ደረቅ ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት፣ ለከርሞ፣
ከሐኪሟ ወረቀት ጋር። ክዳኑ እንደምንም ገጠመ፣ ተጣሞ።